ቡድሃን ሳያውቁ ያስገቡልን እጨጌ

ሰሞኑን ዲላ ላይ ቡና ስንጠጣ አንድ ወዳጄ ቡድሃ ለእኛ ምናችን ነው ሲል ጠየቀኝ። እጨጌ ዕንባቆምን አነሳሁለት።

ዕንባቆም የመን ተወልደው በእስልምና አደጉ። ኢትዮጵያ መጥተው ብዙ ከጠየቁና ከተከራከሩ በኋላ ክርስትናን ተቀበሉ፤ መንኩሰውም የደብረ ሊባኖስ እጨጌ ሆኑ። በግራኝ አሕመድ ጦርነት ዘመን አንቀጸ አሚንን ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ1553፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በራላምና ይዋስፍን ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ መለሱ።

ሕመምን፣ እርጅናንና ሞትን አይቶ ቤተ መንግሥት ጥሎ የመነነው ልዑል ይዋስፍ ከቡድሃ ታሪክ የተቀዳ ነው። ቡድሃ የነቃው የመከራ ሥሩ ምኞት መሆኑን ተረድቶ ምኞትን ሲያጠፋ ነው፤ ይዋስፍ ደግሞ ክርስቶስን ሲያገኝ። መልሱ ይለያያል፤ ጥያቄው አንድ ነው። ያደጉበትን ትተው የወጡት ዕንባቆምም በልዑሉ ውስጥ ራሳቸውን ሳያዩ አልቀሩም።