ፑሽኪንና እንግሊዝኛው

አሌክሳንደር ፑሽኪንን በዚህ ዲፓርትመንት የማያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። የእናቱ አያት አብራም ሃኒባል በልጅነቱ ከአፍሪካ ተወስዶ ለታላቁ ጴጥሮስ መሰጠቱን፣ ትውልዱም ከእኛው አገር ነው መባሉን ሁላችንም ሰምተናል (ካሜሩን አካባቢ ነው የሚሉ ተመራማሪዎችም አሉ)። አዲስ አበባ ላይ በስሙ የሚጠራ አደባባይም አለው። እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ ላነሳው የፈለግሁት ሌላውን ፑሽኪን ነው፤ እንግሊዝኛን እንደኛው በመጽሐፍና በመዝገበ ቃላት ሲታገል የኖረውን።

ፑሽኪን በ1799 እ.ኤ.አ. ሞስኮ ተወለደ። በመኳንንት ቤት ወጉ ስለነበር ያደገው ፈረንሳይኛ እየተናገረ ነው። ለእህቱ እንግሊዛዊት አስተማሪ ተቀጥራላት ነበር፤ እሱ ግን ከሷ ይህን ያህል የቀሰመው ነገር የለም። በ1820 በግጥሞቹ ምክንያት ወደ ደቡብ ሲጋዝ ከራየቭስኪ ቤተሰብ ጋር ክራይሚያ ሄደ፤ ባይረንን የወደደው ያኔ ነው። እንግሊዝኛ መቁጠርም እዚያው ጀመረ ይባላል። ባይረንን በደንብ ያነበበው ግን በፈረንሳይኛ ትርጉም ነው። ሼክስፒርንም እንዲሁ። በ1825 የጨረሰው ቦሪስ ጎዱኖቭ የሼክስፒር መንፈስ አለበት ይባላል፤ ያ መንፈስ በፈረንሳይኛ በኩል ዞሮ የመጣ መሆኑን ግን ብዙዎቻችን አናስብም።

ከ1824 ጀምሮ ደግሞ ሚካኢሎቭስኮዬ በሚባለው የእናቱ ርስት በግዞት ተቀመጠ። በ1825 ለወዳጁ ለቪያዜምስኪ በጻፈው ደብዳቤ እንግሊዝኛ እንደሚያስፈልገው፣ የሚማርበት መንገድ ማጣቱም ከግዞቱ ጉዳቶች አንዱ እንደሆነ ነገረው። እስቲ አስቡት፣ ነፃነቱን የተነጠቀ ሰው ከሚያማርርባቸው ነገሮች አንዱ ሰዋስውና ቃላት ሲሆን!

ለሩሲያ ተናጋሪ እንግሊዝኛ ቀላል አይደለም። እኛ ቢያንስ «ልጅ» እና «ልጁ» ብለን ስለምንለይ የእንግሊዝኛው «ዘ» ብዙም እንግዳ አይሆንብንም። ሩሲያኛ ግን እንዲህ ያለ ምልክት የለውም፤ አውዱ ነው የሚለየው። «እኔ ተማሪ ነኝ» ለማለትም «እኔ ተማሪ» ብሎ ያልፋል፣ «ነኝ» የሚባል ነገር የለም። ግሱ ድርጊቱ ማለቁን ወይም አለማለቁን በጥንድ በጥንድ ይለያል እንጂ የእንግሊዝኛውን የጊዜ ዝርዝር አያውቀውም። «ዝ» እና «ስ» የምንለውን የምላስ ጫፍ ድምፅማ ተዉት፣ እኛም እሱ ላይ ያው ነን። አጻጻፉና አነባበቡ አለመገናኘቱ ደግሞ አለ። ይሄኛው ነው ፑሽኪንን ያሳቀበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1828 አካባቢ እንግሊዝኛን አጥብቆ ያዘ። በ1829 ከቱርክ ጋር ይዋጋ የነበረውን የሩሲያ ጦር ተከትሎ ወደ አርዝሩም ሲሄድ፣ ድንኳን ውስጥ ሼክስፒርን ከመጽሐፉ እያነበበ ለጓደኞቹ ወዲያው ወዲያው ይተረጉም ነበር። ዩዜፎቪች የተባለው መኮንን በትዝታው እንደጻፈው፣ አነባበቡ ግራ ስላጋባው እንግሊዝኛ ከልጅነቱ የሚያውቀውን ዛካር ቼርኒሼቭን ጠራው። ቼርኒሼቭ ገና ጥቂት እንደሰማ በሳቅ ፈረሰና በምን ቋንቋ እያነበብክ ነው አለው። ፑሽኪንም አብሮ ሳቀ፤ ብቻውን ስለተማረ የእንግሊዝኛውን ፊደል እንደ ላቲን እንደሚያነበው ነገራቸው። በዚህ ስሌት «ናይፍ» የሚባለው ቃል «ክኒፌ» ይሆናል ማለት ነው! ቼርኒሼቭ ግን ትርጉሙን ሲመረምረው ትክክል ሆኖ አገኘው።

ይህን ታሪክ የወደድኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ክፍል ውስጥ አንድ ቃል አበላሽቶ ሲናገር ተስቆበት ሴሚስተሩን ሙሉ አፉን ሳይከፍት የጨረሰ ተማሪ አውቃለሁ፤ ጽሑፉ ግን ከሳቂዎቹ ሁሉ ይበልጥ ነበር። ታዲያ ፑሽኪን እንግሊዝኛ ያውቅ ነበር ወይስ አያውቅም? ለንደን ቢሄድ ሻይ ማዘዝም ያቅተው እንደነበር እገምታለሁ። (ደግሞም አልሄደም፤ ወደ አውሮፓ እንዲወጣ አንድም ጊዜ አልተፈቀደለትም።) እኔ ግን ያውቅ ነበር ባይ ነኝ። ማስረጃዬ ቦልዲኖ ነው።

በ1830 መኸር ለጋብቻው ጉዳይ ቦልዲኖ መንደር እንደሄደ ኮሌራ ገባና መንገዱ ሁሉ ተዘጋ። ሦስት ወር ገደማ እዚያው ቀረ። አብሮት ከነበሩት መጻሕፍት አንዱ በ1829 ፓሪስ የታተመ፣ ሚልማንን፣ ቦልስን፣ ዊልሰንንና ባሪ ኮርንዎልን በአንድ ያሰባሰበ የእንግሊዝኛ ጥራዝ ነው። ዊልሰን ስለ ለንደን ወረርሽኝ የጻፈው ረጅም ተውኔት አለ። ፑሽኪን ከዚያ አንድ ትዕይንት ብቻ ቆርጦ ወሰደ፤ ብዙውን ቦታ ቃል በቃል ማለት ይቻላል ተረጎመው። ሁለቱን ዘፈኖች ግን ጣላቸውና በራሱ ዘፈኖች ተካቸው። በወረርሽኝ ጊዜ የተደረገው ግብዣ ተብሎ የሚታወቀው ሥራ ይህ ነው። ዛሬ ዊልሰንን የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው፤ ለዚያውም በፑሽኪን ምክንያት። የትኛው መስመር መጠበቅ፣ የትኛው መጣል እንዳለበት ለመለየት እኮ ቋንቋውን ዘልቆ መግባት ይጠይቃል። በ1833ም ከሼክስፒር አንድ ተውኔት ወስዶ አንጄሎ የሚለውን ረጅም ግጥም ሠራ።

ያ የፓሪስ ጥራዝ አንድ ጊዜ ደግሞ ብቅ ይላል። በድሮው የሩሲያ አቆጣጠር ጃንዋሪ 27 ቀን 1837 ፑሽኪን ለልጆች የሩሲያን ታሪክ ለጻፈችው ለአሌክሳንድራ ኢሺሞቫ አጭር ደብዳቤ ጻፈ፤ መጽሐፏን በአጋጣሚ ገልጦ ሳያስበው ማንበብ እንደቀጠለም ነገራት። ከደብዳቤው ጋር ጥራዙን አሽጎ ላከላት። ባሪ ኮርንዎል ከጻፋቸው ተውኔቶች እንድትተረጉምለት የሚፈልጋቸው ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጎባቸዋል። የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ከዳንቴስ ጋር ተታኩሶ ሆዱን ተመታ፤ በሦስተኛው ቀን አረፈ። ኢሺሞቫ ምልክት ያደረገባቸውን ተረጎመቻቸው፤ ሶቭሬመኒክ በተባለው እሱ ባቋቋመው መጽሔትም በዚያው ዓመት ታተሙ።