ከዊንጌት እስከ ማንሃተን

ጉለሌ ጳውሎስ ሆስፒታል በር ላይ ታክሲ የጠበቀ ሰው ረዳቶቹ ዊንጌት እያሉ ሲጣሩ መስማቱ አይቀርም። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ነው። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅንም እዚያው ነው የተማሩት።

ጸጋዬ ነሐሴ 11 ቀን 1928 ዓ.ም. አምቦ አቅራቢያ ቦዳ በምትባል መንደር ከኦሮሞ አባትና ከአማራ እናት ተወለዱ። ከዊንጌት ቀጥሎ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ገቡ፤ ከዚያም ቺካጎ ሄደው ሕግ አጠኑ። ልባቸው ግን መድረክ ላይ ነበር። ለንደንና ፓሪስ ተሻግረው ቴአትር ቀሰሙ፣ ተመልሰውም የዛሬውን ብሔራዊ ቴአትር በጥበብ ዳይሬክተርነት መሩ። ሐምሌትንና ኦቴሎን ወደ አማርኛ መለሱ። በ29 ዓመታቸው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ወሰዱ። በንጉሡ ዘመን ሳንሱር፣ በደርግ ዘመን ደግሞ እስር ቀመሱ።

ብዕራቸውን ሳንሱርም እስርም አላስቆመውም። ከአገር ያወጣቸው ኩላሊታቸው ነው። ያኔ ዲያሊሲስን በቋሚነት የሚሰጥ ማዕከል አገር ውስጥ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1998 ለሕክምና ኒው ዮርክ ሄዱ፤ የካቲት 18 ቀን 1998 ዓ.ም. እዚያው ማንሃተን አረፉ። አስከሬናቸው መጥቶ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ።

ከ9 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2015፣ የአገራችን የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ማዕከል ተከፈተ። የት? እዚያው ጳውሎስ፣ ሎሬቱ ከተማሩበት ግቢ ብዙም ሳይርቅ።

ማዕከሉ ሥራ የጀመረው ከቤተሰብ በሚለገስ ኩላሊት ነው። ዘመድ የሚመረጥበት ምክንያት አለ። ሰውነታችን የራሱን ከባዕድ የሚለየው ሴሎቻችን ላይ ባሉ ምልክቶች ሲሆን፣ ግማሾቹን ከአባት፣ ግማሾቹን ከእናት እንወርሳለን። የአንድ እናትና አባት ልጆች ምልክታቸው ሙሉ በሙሉ የመመሳሰል ዕድሉ ከ4 አንድ፣ በግማሽ የመመሳሰል ከ4 ሁለት፣ ጨርሶ ያለመመሳሰል ደግሞ ከ4 አንድ ነው። ባልተመሳሰለ ቁጥር ሰውነት የተተከለውን ኩላሊት እንደ ጠላት የመውጋት አደጋው ይጨምራል። በአንዳንድ ቤተሰብ ደግሞ ሕመሙ ራሱ በዘር ይወረሳል። ስለዚህ ልስጥ ብሎ የመጣው ወንድም ራሱም ቀድሞ መመርመር አለበት።

ጸጋዬን በትምህርት ቤት ያወቅናቸው በግጥምና በተውኔት ነው። የአፍሪካ ኅብረት መዝሙር ግጥምም የእሳቸው ነው። የመጨረሻዎቹ ስምንት ዓመታታቸው ግን ሌላ ነገር ያስተምሩናል። እኚህን የሚያህል ሰው ለአንድ ሕክምና እንዲህ ከተሰደደ፣ ስም የሌለው በሽተኛማ ምን ይሁን? የጋዜጠኝነት ተማሪ ነንና፣ ይህን ጥያቄ የምንጠይቀው እኛ ነን።