የዘር ጎተራ ጠባቂው ኒኮላይ ቫቪሎፍ

የአንድ አገር ሀብት በባንክ በተከማቸው ወርቅ ብቻ አይመዘንም። ገበሬው ለሚመጣው ክረምት ብሎ ከጎተራው ለይቶ የሚያስቀምጠው ዘር ከወርቅ የሚቀድም ሀብት ነው፤ ወርቅ ቢጠፋ በንግድ ይተካል፣ በብዙ ሺህ ዓመት የተገኘ ዘር ከጠፋ ግን መልሶ የሚሠራው እጅ የለም። ይህን እውነት ተረድተው ዕድሜያቸውን ለእርሱ ከሠዉት ሊቃውንት መካከል ስሙ በመጀመሪያ የሚነሣው ሩስያዊው ኒኮላይ ኢቫኖቪች ቫቪሎፍ ነው።

ቫቪሎፍ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1887 ዓ.ም. በሞስኮ ተወለደ። አባቱ ከድኃ የገጠር ቤተ ሰብ ወጥቶ በንግድ የከበረ ሰው ነበር። ልጁ ግን ከንግዱ ይልቅ እርሻን መረጠ። በሞስኮ የእርሻ ትምህርቱን ከፈጸመ በኋላ በ1913 ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግሮ በስመ ጥሩው ሊቅ በዊልያም ቤትሰን ዘንድ የዘር ውርስን ሳይንስ አጠና። በ1917 በሳራቶፍ ከተማ መምህር ሆነ። በዚያም ሳለ፣ በ1920፣ ዝምድና ያላቸው ዕፀዋት ተመሳሳይ ልዩ ልዩ መልክና ጠባይ እንደሚያሳዩ የሚያስረዳውን ሕግ ለሊቃውንት ጉባኤ አቀረበ።

በ1921 የአገሩን የዕፀዋት ምርምር መሥሪያ ቤት እንዲመራ ወደ ፔትሮግራድ ተጠራ። በዚያው ዓመት በቮልጋ ወንዝ አገር ድርቅ ከጦርነት ጥፋት ጋር ተባብሮ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ በረኃብ አለቀ። ቫቪሎፍ ድርቅን፣ ውርጭንና ዋግን የሚቋቋም ዘር ካልተገኘ ረኃብ ተመልሶ እንደሚመጣ አመነ። እንዲህ ያለው ዘር የሚገኘው ገበሬ ከአባት ወደ ልጅ እያስተላለፈ ለብዙ ዘመን ሲመርጥ በኖረበት በጥንታዊው እርሻ ላይ መሆኑን ተገንዝቦ፣ ዘር ፍለጋ ዓለምን መዞር ጀመረ። በ1924 ወደ አፍጋኒስታን ሄደ፤ በ1926ም የሰብሎችን የትውልድ ሥፍራዎች የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተመ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ በጂቡቲ በኩል ወደ አዲስ አበባ መጣ። በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ ተቀብለው አነጋገሩት። ከዚያም ከቅፍለት ጋር በሰሜኑ ደጋ አድርጎ በጎንደርና በአክሱም በኩል ተጉዞ፣ በ1927 በኢጣልያ ቅኝ ግዛት ሥር ወደነበረችው ወደ አስመራ ደረሰ። በመንገዱ ጤፍን፣ ኑግን፣ ዳጉሳን፣ እንዲሁም ብዙ ዓይነት ገብስና ስንዴ አገኘ። በተለይም ፓስታ ከሚሠራበት ከጠንካራው ስንዴ ወገን በዛላው ላይ እንደ ጢም የሚወጣው ሹል የሌለውን ዓይነት አየ፤ ይህም ሕጉ አስቀድሞ ይኖራል ያለው ነበር። ስለዚህ ይህን ደጋ በዓለም ከታወቁት የሰብል መገኛዎች አንዱ አድርጎ ቆጠረው።

ይህ ድካም ለአገር ኢኮኖሚ ያለው ጥቅም ግልጽ ነው። ምርቱ ብዙ የሆነው ዘር በሽታ ሲጥለው፣ በሽታ የሚችለው ዘር ከሌላ አገር መጥቶ ይዳቀልበታል፤ በአንድ ጎተራ ያለች እፍኝ ዘርም የአንድን አገር አዝመራ ታድናለች። ከኢትዮጵያ ገብስ የተገኘ ባሕርይ ከብዙ ዓመት በኋላ በአሜሪካ በካሊፎርኒያ የገብሱን እርሻ ቅጠል ከሚያቢጭና ተክል ከሚያቀጭጭ ቫይረስ መጠበቁ ለዚህ ምስክር ነው።

የቫቪሎፍ ጎተራ እስከ 1940 ድረስ ወደ 250,000 የሚጠጋ የዘር ናሙና አከማቸ። ነገር ግን አዲስ ዘር ማውጣት ዓመታት ይፈጃል፤ የስታሊን መንግሥት ደግሞ ፈጣን ውጤት ፈለገ። ትሮፊም ሊሴንኮ የዘር ውርስን ሳይንስ ክዶ ሰብልን በጥቂት ጊዜ እለውጣለሁ ብሎ ተነሣ፤ ባለ ሥልጣኖቹም ተስፋውን ከፈተና አስቀድመው ተቀበሉት። ቫቪሎፍ እውነቱን አልለወጠም። በነሐሴ 1940 በምዕራብ ዩክሬን ዕፀዋት ሲሰበስብ ተያዘ። በ1941 ሞት ተፈረደበት፤ በኋላም ፍርዱ ወደ 20 ዓመት እሥራት ተለወጠ። ሕዝብ እንዳይራብ አምስት አህጉር የዞረው ሊቅ በጥር 1943 በ55 ዓመቱ በእሥር ቤት በረኃብ ተዳክሞ ሞተ። የሞተባትም ከተማ ወጣት መምህር ሆኖ ያስተማረባት ሳራቶፍ ነበረች።

በዚያው ጊዜ ሌኒንግራድ በጀርመን ጦር ተከብባ ነበር። የጎተራው ሠራተኞች በሩዝና በስንዴ ከረጢቶች መካከል እየተራቡ ዘሩን ሳይነኩ ቆዩ፤ ከእነርሱም ብዙዎች በረኃብ ሞቱ። ዘሩ ግን ተረፈ።

በ1955 ቫቪሎፍ ንጹሕ መሆኑ ተመሰከረለት፤ ሊሴንኮ በ1965 ከሥልጣኑ ወረደ፤ በ1967ም የምርምር ተቋሙ በቫቪሎፍ ስም ተሰየመ። በ1976 በአዲስ አበባ የአገሩን ዘር የሚጠብቅ ማዕከል ተቋቋመ። የቫቪሎፍ ሕይወት የሚያስተምረው ይህን ነው፦ እርሻ በትእዛዝ አይለመልምም፤ የሚለመልመው ገበሬው ያቆየውን ዘር ሊቁ ሲያጠናው፣ መንግሥትም ሁለቱን ሲያከብር ነው።