ንጉሥ ሣህለ ሥላሴና የይፋት ሹማምንት

በሕዝብ መካከል በጎ የሠራን አለቃ መሸለም ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። በዘመናችን ባረፈ ሰው ስም የመታሰቢያ ሽልማት አቋቁሞ በየአገሩ ያሉትን ደጋግ መሪዎች ማክበር ልማድ እየሆነ መጥቷል፤ በቀድሞው ዘመን ግን ሸላሚው ንጉሡ ራሱ ነበረ፤ ሽልማቱም የብር ቢተዋ፥ ያጌጠ ጋሻና ሰይፍ፥ ለምድም ነበረ። በይፋት ምድር ይህን በማድረግ ከታወቁት መካከል የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አንዱ ናቸውና ታሪካቸውን በአጭሩ እንመልከት።

ሣህለ ሥላሴ የመርዕድ አዝማች ወሰን ሰገድና የወይዘሮ ዘነበ ወርቅ ልጅ ናቸው። አባታቸው በ1805 ዓ.ም. በሰው እጅ በተገደሉ ጊዜ እርሳቸው የአሥራ ስምንት ዓመት ያህል ወጣት ሆነው በሰላ ድንጋይ በገዳም ነበሩ። ታላቅ ወንድማቸው በኩሬ ከመርሐ ቤቴ ሳይደርስ እርሳቸው ቀድመው ቁንዲ ገቡና አልጋውን ያዙ። ከዚህ በኋላ ወንድሞቻቸውን አስረው ወደ ጐንቾ ሰደዱ። ዛሬ ሸዋ ሮቢት ሲባል ብዙ ሰው ማረሚያ ቤቱን ያስባል፤ በዚያ ዘመን በይፋት ስሙ የሚያስፈራው እስር ቤት ጐንቾ ነበረ።

ከአንኮበር ሆኖ ወደ ምሥራቅ ለሚመለከት ሰው ተዳፋቱ እየወረደ ሄዶ ከአዋሽ ሜዳ ጋር ይገጥማል። በዚያ ንዳድ በሚበዛበት ቆላ የሚኖሩት አብዛኞቹ እስላሞች ነበሩ፤ ከባሕር ጠረፍ የሚመጣው ነጋዴም በፋሬ በኩል አልፎ ወደ ዓልዩ አምባ ገበያ ይወጣ ነበር። ንጉሡ ይህን አገር እንዲገዛ ከደጋ እንግዳ ሹም አልላኩም፤ ከጥንቱ የይፋት ገዦች ወገን የሆነውን ወላስማ መሐመድን ሾሙ እንጂ። የአገሩን ጠባይ የሚያውቅ፥ ሕዝቡም የሚያውቀው ሰው ቢሾም ዳኝነቱ እንደሚቀና አስተውለው ነው ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም። የጐንቾም ቁልፍ በዚሁ ሹም እጅ ነበረ።

በ1820ዎቹ ዓመታት ድርቅ ሆኖ ከብቱ አለቀ፤ ራብና በሽታም ተከተለ። በዚያን ጊዜ ንጉሡ የመንግሥቱን ጐተራ አስከፍተው እህሉን ለተራበው አካፈሉ። ቢተዋና ጋሻ የተሸለሙት ጥቂቶች ናቸው፤ ከጐተራው የበላው ግን ስሙ በየትም ያልተጻፈ ድኃ ነው። መታሰቢያ የሚገባው ሥራ የትኛው ነው ብሎ ለሚጠይቀን ሰው እኛ ይህን እናስቀድማለን።

ጕድለታቸውንም መሸፈን አይገባም። በየዓመቱ በኦሮሞ አገር ላይ ይዘምቱ ነበር፤ የዘመቻውም ዕዳ በብዙ ንጹሕ ሰው ላይ ወድቋል። በእምነት ነገርም የሦስት ልደትን ትምህርት በመደገፋቸው ከአቡነ ሰላማ ጋር ተጣልተዋል፤ ክርክሩም የተዘጋው እርሳቸው ካረፉ ከብዙ ዘመን በኋላ፥ በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ግን የከበደው የወንድሞቻቸው ነገር ነበረ። ለሹማምንቱ ብር ሲሸልሙ፥ ለድኃው እህል ሲሰፍሩ፥ የአባታቸው ልጆች በጐንቾ በሰንሰለት ነበሩ። ወንድምን ማሰር በሸዋ ቤት የቆየ ልማድ ስለ ነበረ የሚቃወም አልነበረም፤ ካህናቱም ቢሆኑ ስለዚህ ነገር ደፍረው መናገራቸውን አልሰማንም። በ1835 ዓ.ም. ግን ንጉሡ ታመሙ፤ የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስም ስለ እስረኞቹ ማለደ። ንጉሡም ልባቸው ተነክቶ ወንድሞቻቸው እንዲፈቱ አዘዙ። እነዚያም ከብዙ ዘመን በኋላ ከሰንሰለት ወጥተው በፊታቸው ቆሙ።

ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሠላሳ አራት ዓመት ያህል ገዝተው በጥቅምት 1840 ዓ.ም. ዐረፉ። ልጃቸው ኃይለ መለኮት አልጋውን ወረሱ፤ በአንጎለላ የተወለዱት የልጅ ልጃቸው ምኒልክ ያን ጊዜ የሦስት ዓመት ሕፃን ነበሩ።