ሠዓሊና መምህር ገብረ ክርስቶስ ደስታ

ባለፈው የሥዕል ክፍለ ጊዜ የዘንገናን ሐይቅ ሳሉ ተባልን። አብዛኞቻችን ጫካውን፣ ወፉን፣ ዳር ላይ የቆመችውን ላም ሳይቀር ደረደርን። አንዱ ጓደኛችን ግን ወረቀቱ መሀል ጥቁር አረንጓዴ ክብ ብቻ አስቀምጦ መጣ። ይሄ ሐይቅ ነው ወይስ ምጣድ እያልን ሳቅንበት። መምህራችን አልሳቁም፤ ገብረ ክርስቶስ ደስታን ታውቁታላችሁ ወይ ብለው ጠየቁን። ግጥሙን የሰማ ነበር፣ ሥዕሉን ያየ ግን አልነበረም። እኔም ከዚያ ወዲያ ነው ስለ ሰውየው ማንበብ የጀመርኩት።

ገብረ ክርስቶስ በ1924 ዓ.ም. በሐረር ከተማ ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ፤ ብራና ያስጌጡ ነበር። እንግዲህ ልጁ ቀለምና ብሩሽ መጀመሪያ ያየው ከፈረንጅ ሳይሆን ከአባቱ እጅ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገብቶ ሳይንስ ቢጀምርም ልቡ ሥዕል ላይ ስለነበር አቋረጠው። ከዚያም የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝቶ እ.ኤ.አ. በ1957 ጀርመን አገር፣ ኮሎኝ ከተማ ሄደ። በዚያን ጊዜ ብዙ የአውሮጳ ሠዓልያን ሰውንና ዛፍን እንዳለ መገልበጡን ትተው፣ በቀለምና በቅርጽ ብቻ ስሜትን ለመግለጥ ይጥሩ ነበር። ረቂቅ ሥዕል የሚባለው ይኸው ነው።

ወደ አገሩ ተመልሶ አዲስ አበባ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መምህር ሆነ። ትምህርት ቤቱን የመሠረቱት ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1963 ሥራዎቹን ለሕዝብ ሲያሳይ ታዲያ ክርክር ተነሣ። ቅዱሳንንና የአድዋን ጦርነት ማየት የለመደው ተመልካች፣ ይሄ የእኛ አይደለም፣ የፈረንጅ ግልባጭ ነው አለ። ገብረ ክርስቶስ የዛሬ ሠዓሊ የዓለም ሁሉ ልጅ ነው፣ በጥንቱ አሳሳል ብቻ ሊታጠር አይገባም ባይ ነበር።

እኔ በበኩሌ ተቺዎቹ አንድ ነገር የረሱ ይመስለኛል። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን መቼ ተፈጥሮን እንዳለ ገለበጡ? ጻድቁን በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት፣ ኃጢአተኛውን በጎን በአንድ ዓይን ይስሉ የለም እንዴ! ይህ እኮ ሐሳብን በቅርጽ መናገር ነው። የአለቃ ደስታ ልጅ ይህን ኮሎኝ ሳይሄድ በፊትም ያየው ነገር ነው። በዚያው በ1963 የሣለውን «ጎልጎታ» ብንወስድ ነገሩ ስቅለት ነው፤ ግን ከሁሉ በፊት ዓይን የሚይዘው ቀዩ ቀለም ነው።

እ.ኤ.አ. በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት በሥነ ጥበብ ሸለመው። ክርክሩ ግን በሽልማት አልቆመም፤ እሱም ማስተማሩንና መሣሉን አልተወም።

በግጥም ደግሞ ሌላ ሰው ነው። ኮሎኝ ሳለ የጻፈው «ሀገሬ» ናፍቆት ብቻ አይደለም፤ ስሞት በአገሬ አፈር ልቀበር የሚል ልመናም አለበት። ምን ዋጋ አለው! በደርግ ዘመን፣ በ1970ዎቹ ዓ.ም. መግቢያ ግድም ተሰደደ። መጀመሪያ ጀርመን፣ ከዚያ አሜሪካ። በ1973 ዓ.ም. ኦክላሆማ ውስጥ ላውተን በምትባል ከተማ፣ ሃምሳ ዓመት ሳይሞላው ሞተ። አስከሬኑም እዚያው አረፈ። ግጥሞቹ «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» በሚል ርእስ በመጽሐፍ የታተሙት በ1998 ዓ.ም. ነው፤ ሰውየው ከሞተ ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ጀርመን ቀርተው የነበሩ ሥዕሎቹ ግን ተመልሰዋል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስሙ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም አቋቁሞለታል። ለዕረፍት አዲስ አበባ የምትሄዱ ስድስት ኪሎ ጎራ በሉና ሥዕሎቹን እዩ። ክብ የሣለው ጓደኛችን እኔም እሄዳለሁ ብሏል፤ የሚያደርሰው ዘመድ ካለው።