ሉዊ ኤቤር

ሉዊ ኤቤር (1575 ገደማ – ጃንዩዋሪ 25 ቀን 1627) ፈረንሳዊ መድኃኒት ቀማሚ ሲሆን፣ ከነቤተሰቡ በኬቤክ (የዛሬዋ ካናዳ) ሰፍሮ በእርሻ የኖረ የመጀመሪያው ፈረንሳዊ ተብሎ ይታወቃል። በዚህ ገጽ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትውልድና ጋብቻ

በፓሪስ ተወለደ። አባቱ ኒኮላ ኤቤርም መድኃኒት ቀማሚ ነበረ፤ እናቱ ዣክሊን ፓዦ ትባላለች። የአባቱን ሙያ ተምሮ በ1601 ማሪ ሮሌን አገባና አን፣ ጊየሜትና ጊዮም የተባሉ ሦስት ልጆች ወለዱ። በ1606 በጋብቻ ከሚዛመደው ከፑትሬንኩር ጋር ወደ ፖር ሮያል (በዛሬዋ ኖቫ ስኮሺያ) ሄደ። ቆይቶም ተመልሶ ነበር፤ ነገር ግን በ1613 ከቨርጂኒያ የመጡ እንግሊዞች ሰፈሩን ስላቃጠሉት ወደ ፓሪስ ገባ።

ወደ ኬቤክ

በ1617 ሳሙኤል ደ ሻምፕላን ወደ ኬቤክ እንዲመጣ አግባባው። ኤቤር የፓሪስ ቤቱንና የአትክልት ቦታውን ሸጦ ቤተሰቡን ይዞ ኦንፍለር ወደብ ደረሰ። እዚያ ግን የእንስሳት ቆዳ ንግዱን የያዘው ኩባንያ ውሉን አፈረሰበት፦ በዓመት 600 ሊቭር የነበረው ክፍያ ወደ 300 ወረደ፣ ምርቱንም ለኩባንያው ብቻ እንዲሸጥ ተገደደ። ነጋዴዎቹ ገበሬ አይፈልጉም ነበር። ቤቱን የሸጠ ሰው ግን መመለሻ ስለሌለው ፈረመ።

ማረሻ ስላልነበረው ደኑን መንጥሮ መሬቱን በእጅ መሣሪያ ብቻ ቆፈረ። በበሬ የሚጎተት ማረሻ እዚያ መሬት የነካው በኤፕሪል 1628 ሲሆን፣ ኤቤር ግን በበረዶ ላይ ወድቆ ከሞተ ከአንድ ዓመት በላይ አልፎ ነበር።

ዘሮቹ

ትልቋ ልጁ አን በ1618 አግብታ ብዙም ሳትቆይ በወሊድ ሞተች። ጊዮም በ1634 ኤሌን ዴፖርትን አግብቶ በ1639 ሞተ። የጊዮም ልጅ ዦዜፍ በኢሮኳ ተዋጊዎች ተማርኮ ተገደለ፤ የዦዜፍ ሕፃን ልጅም ሳያድግ ስለሞተ የቤተሰቡ ስም በወንድ በኩል ተቋረጠ። ስለዚህ ዛሬ በኬቤክና በሉዊዚያና ያሉት በርካታ ኤቤሮች ስማቸውን ያገኙት ከሌሎች ሰፋሪዎች ነው። የዘር ሐረግን በስም ብቻ የሚከተል ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

የሉዊ ዘር የቀጠለው በሴቶች ነው። ጊየሜት በ1621 ጊዮም ኩያርን አግብታ አሥር ልጆች ወለደች፤ የወንድሟ ልጅ ፍራንስዋዝም በ1651 ጊዮም ፉርኒዬን አገባች። ዛሬ እጅግ ብዙ የኬቤክ ሰዎች ሐረጋቸውን ሲቆጥሩ በእነዚህ ሁለት ሴቶች በኩል ሉዊ ላይ ይደርሳሉ። ሆኖም በጁን 1640 የኬቤክ ቤተ ክርስቲያን ሲቃጠል የጥምቀት፣ የጋብቻና የቀብር መዝገቦች አብረው ነደዱ። አሁን ያሉት የቀድሞ ዓመታት መዝገቦች ከሰዎች ትዝታ እንደገና የተጻፉ በመሆናቸው ቀኖቹን በጥንቃቄ ማየት ያስፈልጋል።

እንግሊዞች ኬቤክን ከ1629 እስከ 1632 ሲይዙ ቤተሰቡ አገሩን አልለቀቀም። ማሪ ሮሌም በዚያው በ1629 ጊዮም ኡቡን አግብታ እስከ 1649 ኖረች። በዚህ ዘመን የመጣ ኦሊቪዬ ለ ዠን የተባለ አፍሪካዊ ልጅ ተሽጦ በኋላ በኩያር ቤት አደገ። በካናዳ በስም ከሚታወቁት አፍሪካውያን ባሮች የመጀመሪያው እሱ ነው፤ በ1654 ሲሞት የቀብር መዝገቡ የጻፈው ግን አገልጋይ ብሎ ነው።

ጊየሜት ባሏ ከሞተ በኋላ፣ በ1666፣ የአባቷን መሬት ለጳጳሱ ፍራንስዋ ደ ላቫል ሸጠች። በኬቤክ ከተማ የቆመው የኤቤር ሐውልት የአልፍሬድ ላሊበርቴ ሥራ ሲሆን የተመረቀው በ1918 ነው። ከሉዊ በታች ማሪ ሮሌ ከልጆቿ ጋር፣ ኩያርም ከማረሻው ጋር ይታያሉ።