ከመርፌው በፊት ጫማው፦ የዶክተር ኧርነስት ፕራይስ ሕይወትና የእግር ቁስል

በወላይታ ዞን ገበያ በሚቆምባቸው ከተሞች፣ በሶዶም ሆነ በተበላ፣ ከጉልበቱ በታች እግሩ ያበጠ፣ ቆዳው የሻከረና አልፎ አልፎም የቆሰለ ሰው ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። በተለምዶ ዝሆኔ ይባላል። ብዙዎች እርግማን፣ አልያም ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ደዌ ይመስላቸዋል። በዚህም የተነሳ ሕሙማኑ ከትዳር፣ ከትምህርትና ከማኅበራዊ ሕይወት ይገለላሉ። የበሽታው መነሻ የምንረግጠው አፈር መሆኑን ለዓለም በማስረዳት ግንባር ቀደም ከነበሩት አንዱ እንግሊዛዊው ቀዶ ጥገና ሐኪም ዶክተር ኧርነስት ፕራይስ ናቸው። የዛሬው ዓምዳችን የእርሳቸውን የሥራ ሕይወት ይቃኛል። በእግሩ ላይ የማይድን ቁስል ላለበት ሁሉ የሚጠቅም ትምህርት አለውና።

ዶክተር ፕራይስ ዘመናቸውን የሰጡት በአፍሪካ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ነው። ሥጋ ደዌ ነርቭን ስለሚጎዳ ሕመምተኛው እግሩ ሲረመጥ፣ እሾህ ሲወጋው ወይም ጠጠር ሲፍቀው አይሰማውም። ውስጥ እግሩ ይቆስላል፤ ስለማያመው ይራመድበታል፤ ቁስሉ እየጠለቀ አጥንት ይደርሳል። በዚያ ዘመን ብዙ ሰው ቁስሉን የበሽታው ተፈጥሯዊ ባሕርይ አድርጎ ተቀብሎት ነበር። ፕራይስ ግን ቁስሉ እንዴት እንደሚጀምር መከታተል መረጡ።

እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ባሳተሟቸው ተከታታይ ጥናቶች ቁስሉ በሦስት ደረጃ እንደሚያልፍ አሳዩ። በመጀመሪያው ደረጃ ቆዳው ገና አልተከፈተም፤ ቦታው ብቻ ይሞቃል፣ ያብጣል። በሁለተኛው ከቆዳው ሥር ሥጋው ሞቶ ውሃ ይቋጥራል። በሦስተኛው ቆዳው ፈርጦ ቁስሉ ይወጣል። ሰው ወደ ሐኪም የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ በሦስተኛው ነው፤ በመጀመሪያው ግን እግርን ማሳረፍ ብቻ ይበቃ ነበር። ቀላል የሚመስለው ይህ ግኝት የሕክምናውን አቅጣጫ ከቅባትና ከመርፌ ወደ እረፍት፣ ወደ ጄሶና ወደ ተስማሚ ጫማ መራው።

ፕራይስ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጡ ሌላ ጥያቄ ገጠማቸው። ከእርሳቸው ቀደም ብሎ ዶክተር ኦመን የተባሉ ሐኪም በ56 የሀገራችን ገበያዎች ወደ ሩብ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ተመልክተው፣ እግሩ ያበጠው ብዙ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1969 አሳትመው ነበር። በሌላው ዓለም ዝሆኔን በአብዛኛው የሚያመጣው በትንኝ የሚተላለፍ ትል ነው። በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ ግን ትሉ አልተገኘም። ታዲያ እግሩን ያሳበጠው ምንድን ነው?

ፕራይስ የበሽታውን ስርጭት ከአፈሩና ከዝናቡ ጋር አስተያዩ። ሕሙማኑ የሚበዙት ከእሳተ ገሞራ ዓለት የተፈጠረ ቀይ የሸክላ አፈር ባለበት፣ ከፍ ባለና ዝናብ በሚበዛበት አካባቢ መሆኑን ተረዱ። ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ከሕሙማን ብሽሽት የተወሰደ ንፍፊት በማይክሮስኮፕ ሲመረምሩም ሲሊከንና አልሙኒየም ያለባቸው ጥቃቅን የአፈር ብናኞች አገኙ። ብናኙ በባዶ እግር ቆዳ በኩል ይገባል፤ የሊምፍ ቧንቧዎችን እየቆጣ ይደፍናቸዋል፤ መፍሰስ ያቃተው ፈሳሽም እግር ላይ ይጠራቀማል። ለበሽታው ያወጡለት ስም ፖዶኮኒዮሲስ ነው፤ ከግሪክኛው እግርና አቧራ ከሚሉ ቃላት የተገኘ ነው። በጉዳዩ ላይ የጻፉት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1990 ታተመ።

ሥራቸው በወላይታ ቀጥሏል። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት በዞኑ ከመቶ ሰዎች ከአምስት በላይ የሚሆኑት በበሽታው መያዛቸውን አሳየ። በ2012 በወላይታ ሕሙማን ላይ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ በተመሳሳይ አፈር ከሚሄዱት አንዱ ሲያብጥ ሌላው ለምን እንደሚድን ፍንጭ ሰጠ፦ ተጋላጭነቱ በከፊል በዘር ይወረሳል። ይህ ማለት በሽታው ይተላለፋል ማለት አይደለም። ጫማ ያደረገ እግር ተጋላጭ ቢሆንም እንኳ አፈሩ አያገኘውም።

ዛሬ ስለ ቁስል ሲወራ ፔፕታይድ የሚል ቃል እየተሰማ ነው። ፔፕታይድ የአሚኖ አሲዶች አጭር ሰንሰለት ነው። ሰውነታችን ራሱ ጀርም የሚከላከሉና ሴሎችን ወደ ቁስሉ የሚጠሩ ፔፕታይዶች ያመርታል። አሜሪካዊው ኬሚስት ብሩስ ሜሪፊልድ እ.ኤ.አ. በ1963 ፔፕታይድን በላቦራቶሪ በቀላሉ የሚሠሩበትን ዘዴ አስተዋወቁ፤ በ1984ም የኖቤል ሽልማት አገኙበት። ከዚያ ወዲህ ተመራማሪዎች ሰው ሠራሽ ፔፕታይዶችን ለማይድን የእግር ቁስል እየሞከሩ ነው፤ ተስፋ የሚሰጥ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ቁስልና ጅማት ይጠግናል እየተባለ በኢንተርኔት የሚሸጠው ቢፒሲ 157 የተባለው መርፌ በአብዛኛው የተፈተነው በእንስሳት ላይ ነው። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪም አላጸደቀውም። ምንጩ ያልታወቀ መርፌ ራሱ ለኢንፌክሽን ሊዳርግ ይችላል።

ከፕራይስ ሕይወት የምንማረው እዚህ ላይ ነው። ወደፊት የሚገኘው ፔፕታይድ የቱንም ያህል ቢረቅ፣ ማታ የተቀባውን እግር ጠዋት በባዶው አፈር ላይ የሚያስረግጠው ሰው አይድንም። እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ የሆነና በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት፣ እግርን በአግባቡ መታጠብ፣ ማለስለስ፣ በፋሻ መጠቅለልና ጫማ ማድረግ ትኩሳትና ሕመም ያለበትን የበሽታውን ግርሻ እንደሚቀንስ አረጋግጧል።

ስለዚህ እግርዎ ካበጠ ወይም ከቆሰለ በየቀኑ በንጹህ ውሃና በሳሙና ይታጠቡ፤ በጣቶችዎ መካከል ሳይቀር በደንብ ያድርቁ፤ ቆዳው እንዳይሰነጠቅ ቫዝሊን ይቀቡ። ሲቀመጡና ሲተኙ እግርዎን ከፍ ያድርጉ። ካልሲና የማይጨምቅ ሽፍን ጫማ ያድርጉ። ልጆችዎም ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ጫማ ያድርጉ። የስኳር ሕመም ወይም የእግር መደንዘዝ ካለብዎ ውስጥ እግርዎን በየምሽቱ ይመልከቱ፤ የሞቀ ወይም የቀላ ቦታ ካዩ ቆዳው እስኪከፈት አይጠብቁ። እግር ድንገት ካበጠና ትኩሳት ካለው፣ ቁስሉ መግል ከያዘ ወይም በሁለት ሳምንት ካልጠገገ በአቅራቢያዎ ወዳለ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።